ቅቤ የተቀባ ኮፈን

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ብልሽት ያውቃል፤ የሚያሳፍረውንና የሚያስፈራውን። ተገፍቶ መነሣት ያሳፍራል እንጂ አያስፈራም። የፊት መስታወት ላይ ውሃ የምትረጨው ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ግን በየትኛው ወገን እንደምትመደብ አስቤ አላውቅም ነበር። ለመሆኑ የእናንተዋ ትሠራለች? ለመጨረሻ ጊዜ የሞከራችኋት መቼ ነው? እኔም እንደናንተው ነበርኩ።

መኪናዬ በዕድሜ ተማሪዎቼን ትበልጣለች፤ ለእኔ ግን አዲስ ናት። ቡታጅራ ለተከራየሁባቸው ለእማማ ዘይነባም እንዲሁ። ግቢ ያስገባኋት ዕለት በዳበሳ ወጥተው ኮፈኑን እንደ ሙሽራ አናት በለጋ ቅቤ ቀቡልኝና መረቁኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የቱ ጋ እንደቀቡ አያዩም፤ እኔም አሜን ስል ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ፣ ወልቂጤ የመጡት የዓይን ሐኪሞች በነፃ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡበት የመጨረሻ ቀን ነገ መሆኑን ሰማን። እስከ ስድስት ሰዓት ያልተመዘገበ አይስተናገድም፤ ተመልሰው ስለመምጣታቸውም እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። እማማ ሁለት ዓመት የሞላትን የልጅ ልጃቸውን መልክ የሚያውቁት በመዳፋቸው ብቻ ነው። በጠዋት ተነሣን።

ደጋው ላይ ስንወጣ ብርዱ ጠና፤ ሌሊቱን የጣለው ካፊያ ቆሞ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆነ። ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ጭቃውን አንሥቶ መስታወታችን ላይ ለጠፈው። መጥረጊያውን ብከፍተው ጭቃውን ለሰነው፤ ውሃ መርጫውን ብጫን ሞተሩ ጢዝ አለ እንጂ ጠብታ አልወጣም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገቤ ሲያልፍ የጎን መስታወቴን ገጭቶ አጠፈው። ዳር ይዤ ቆምኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

“ልጄ፣ ደረስን?” አሉኝ እማማ ከኋላ ሆነው።

“ትንሽ ቀረን፣ እማማ።”

ወርጄ ኮፈኑ ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን በአፌ እፍ አልኩት፤ እምቢ አለ። ብስጭቴ ሲብስ አጎንብሼ ሳብኩት። ምላሴ ላይ የመጣውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ቅቤ ነው። በቡታጅራ ሙቀት ቀልጦ የገባው ምርቃት ደጋው ላይ ረግቷል።

እማማ መርፌ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሻሻቸውን መርፌ ቁልፍ ፈትተው፣ ቢስሚላህ ብለው ሰጡኝ። ብወጋው ቅቤው ወደ ውስጥ ሸሸ። ለመንገድ ከያዙት ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ አፈሰስኩበት፤ ወጋሁ፣ አፈሰስኩ፣ እንደገና ወጋሁ። ሰዓቴን ማየት ፈራሁ። ፔርሙዙ ሊያልቅ ሲል በመስኮት እጄን ሰድጄ መርጫውን ብጫነው፣ አንዱ ቀዳዳ ተፋና ፊቴን አጠበኝ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው።

“ምን ሆኖ ነው?” አሉ።

“አቧራ ነው፣ እማማ።”

“አልሐምዱሊላህ። አየህ፣ ያን ዕለት ባልቀባት ይኼኔ ገደል ነበርን።”

ምን ትላላችሁ? እኔ ከንፈሬን ጠርጌ መኪናዋን አስነሣሁ። የጉብሬን ከተማ እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። ወልቂጤ ስንደርስ መዝጋቢው ደብተሩን እያጠፈ ነበር፤ የመጨረሻው ስም የእማማ ሆነ።

በማግሥቱ የአንዱ ዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። እማማ ሰማዩን አዩ፣ እጃቸውን አገላብጠው አዩ፣ እኔን አዩና እንዲህ ከሲታ መሆኔን አለማወቃቸውን ነገሩኝ። ከዚያ መኪናዋ ጋ ደረስን። ቀለሙ የተላጠውን ኮፈን፣ በሽቦ የታሰረውን መከላከያ፣ የታጠፈውን መስታወት እየዞሩ ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱ።

“ይቺን ነው የመረቅኩልህ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ይቺማ አንድ ጊዜ አይበቃትም” ብለው፣ ሐኪሙ ስጦታ አልቀበልም ያላቸውን ቅቤ ከእንሰት ቅጠሉ መፍታት ጀመሩ።

እኔም ሁለቱን ቀዳዳዎች በሁለት ጣቶቼ ደፍኜ፣ አንገቴን አቀርቅሬ፣ አሜን አልኩ።