የጋሽ ቀጄላ የድምፅ ምርመራ

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብቻውን ሄዶ የሚገዛ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ትዳርን የሚያህል ጉዳይ ብቻችንን የወሰንን ሰዎች እንኳ፣ ቴሌቪዥን ልንገዛ ስንነሳ «የሚያውቅ ሰው» ይዘን እንሄዳለን። የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። የት እንደተማረው አይታወቅም፤ የሚጠይቀውም የለም። የእኛ የጎፋ ኮንዶሚኒየም የሚያውቅ ሰው ክቡር ጋሽ ቀጄላ ናቸው፤ የድምፅ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ የስፒከሮች ሁሉ አባት።

ጋሽ ቀጄላ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ያጨበጭባሉ። አንዴ ብቻ፣ ጠንከር አድርገው። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀና ያደርጉና «ቤታችሁ ያስተጋባል፣ መጋረጃ ያንሰዋል» ይላሉ። ሚኒባስ ውስጥ የትኛው ስፒከር እንደተቃጠለ ለሾፌሩ ሲያስረዱ መውረጃቸውን አልፈው ለቡ የደረሱበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ሠርግ ላይማ «ቤዙን ቀንስ፣ የሽማግሌ ልብ አለ» እያሉ ዲጄውን ሲሞግቱ፣ ሙዚቃው እስኪስተካከል ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ጠብቀዋል።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። የቴሌቪዥናችን ድምፅ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ስንት ዘመን ስመኝ ከኖርኩ በኋላ በመጨረሻ ድምፅ ማጉያ ልንገዛ ወሰንን፤ እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ችግሩ የትኛው የሚለው ነው።

«ሳውንድ ባር» አለች ባለቤቴ ኤሌኒ። «ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል፣ አለቀ። ሳሎኔን የገመድ መረብ አላደርገውም።»

እውነቷን ነው። ሳሎናችን ሶፋው ከገባበት ወዲህ እንግዳ በጎኑ ነው የሚያልፈው። የእኔ ልብ ግን ሰራውንዱ ላይ ነበር፤ ከፊትም ከኋላም የሚከብብ ድምፅ። ዳኛ ስላስፈለገን ጋሽ ቀጄላን ጠራናቸው። ገቡ፣ አጨበጨቡ፣ ኮርኒሱን አዳመጡ።

«ኤሌኒ ልጄ» አሉ፣ «ዝናብ ከፊት ብቻ ይዘንባል እንዴ?»

ይህችን ጥያቄ ሕንፃችን ውስጥ ያልሰማት የለም። ስለ ማንኛውም ድምፅ ማጉያ ሲጠየቁ የሚመልሱት ይህንኑ ነው።

«ጋሽ ቀጄላ፣ እኛ እኮ ዜናና ድራማ ነው የምንሰማው» አለች ኤሌኒ። ብዙ ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሰራውንዱ ይመጣል፣ እሷን ደስ ካላሰኛት በሳውንድ ባር ይቀየራል።

አብረን ሱቅ ስንሄድ ዕቃ ሻጩ ኑረዲን ጋሽ ቀጄላን በሩቅ ሲያያቸው የከፈተውን ሙዚቃ ዘጋ። «ዛሬም ለሙከራ ነው?» አላቸው እየሳቀ። እሳቸው ያልሞከሩት ዕቃ ሱቁ ውስጥ የለም፤ የገዙት ግን አንድም የለም። ቤታቸው ያለው አንቴናው በገመድ የታሰረ አንድ ሬዲዮ ነው። ከደረት ኪሳቸው በመሀረብ የተጠቀለለች ፍላሽ ሊያወጡ ሲሉ ኑረዲን ለመናቸው። «ዛሬ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ቤት ወስዳችሁ በጸጥታ ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ እቀይራለሁ።»

እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ስፒከር ከሶፋው ጀርባ ሰቀልን። ኤሌኒ ልብስ አጥባ በረንዳው ላይ አስጥታ፣ እጇን አጣምራ ፍርድ ልትሰጥ ተቀመጠች። ጋሽ ቀጄላ አንድ በርጩማ ሳሎኑ መሀል አደረጉና ፍላሿን ሰኩ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ አንዲት ዶሮ ጮኸች። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ጠብ አለ፤ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ወዲያው ዝናቡ ከአራቱም ማዕዘን ወረደብን። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ደስታዬን ለኤሌኒ ልነግራት ዞር ስል የለችም። «ልብሴ!» ብላ ወደ በረንዳው ሮጣለች።

የደረቀ ልብስ በክንዷ ሙሉ አቅፋ፣ ፀሐይዋ ከጀርባዋ እያበራች ስትመለስ፣ እኔ እንባዬ እስኪፈስ ስቄያለሁ። ጋሽ ቀጄላ ግን አልሳቁም። የታቀፈችውን ልብስ ትክ ብለው ያዩ ነበር።

«እናቴም እንዲህ ነበር የምትሮጠው» አሉ።

ፉሪ ስለነበረው የእናታቸው ቆርቆሮ ቤት የነገሩን ያን ጊዜ ነው። እናታቸው ካረፉ በኋላ ወራሾቹ ሊያፈርሱት ሲስማሙ፣ ጋሽ ቀጄላ ክረምቱ ሲገባ ባዶው ቤት መሀል ቁጭ ብለው ዝናቡን በስልካቸው ቀዱት። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እሳቸው የሚኖሩት ከስድስት ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ የሚያውቁት በመስኮት አይተው ነው።

«ሱቅ ለሱቅ ይዤው ዞሬያለሁ» አሉ። «ሁሉም ዝናቡን ያሰሙኛል፤ እኔ ግን ውጭ ቆሜ ነው የምሰማው። ዛሬ ቤት ገባሁ።»

ኤሌኒ ልብሱን ሶፋው ላይ አስቀመጠች። የተዘረጋውን ገመድ አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ሪሞቱን አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ከመጀመሪያው ይድገሙት፣ ጋሽ ቀጄላ» አለች።

እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ አሁንም ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ያጨበጭባሉ፣ አሁንም መጋረጃችን ያንሳል። እሁድ እሁድ በርጩማቸው ሳሎናችን መሀል ትጠብቃቸዋለች። ኤሌኒም ልብስ የምታጥብበትን ቀን ወደ ቅዳሜ አዛውራለች።