ሦስተኛው ልመና

ትናንት ተኝቼ ሳለሁ፣ በሕልሜ ለቻይንኛ ፈተና ኮሌጅ ሄድሁ። በውኔም ቢሆን የሁለተኛ ዓመት የቻይንኛ ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። ብዙ አገር ዞሬ አይቻለሁ፤ ቻይናን ብቻ አላየሁም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መምህርታችን ዦ ላን፣ በአገሯ ስጦታ የቀረበለት ሰው ሁለት ጊዜ እንቢ ብሎ፣ በሦስተኛው ልመና በሁለት እጁ እንደሚቀበል አስተምራን ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ ወደ ቻይናዋ ቼንግዱ ከተማ ሄዶ ለአንድ ወር የሚማር አንድ ሰው እንደተፈለገ፣ እርሷም እኔን እንዳሰበች ነገረችኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «ኧረ ለወጣቶቹ ይሁን» አለ። የእነርሱም ወግ የእኛም ወግ ያው ነው ብዬ ሁለተኛውን ልመና ስጠባበቅ፣ «እሺ» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ይህንኑ እያብሰለሰልሁ ነበር እንቅልፍ የወሰደኝ።

በኮሌጁ በር ላይ ዲኖቹ መታወቂያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የሚፈትሿቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ።

«ፈተና ስንት ጊዜ ወድቀሃል?» አለችው አንዷ ተማሪ ዲኑን።

«አንድም ጊዜ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያ ምን አውቀህ ልትገባ ነው?» አለችና መለሰችው።

ክፍል ስገባ ክው አልሁ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት የቻይና ፊደላት ነበሩ። በብሩሽ እኛን ተማሪዎቹን ይጽፋሉ። አንዱ ፊደል አጠገቡ ያለውን ገሠጸው፤ «አፍንጫዋን ከቅንድቧ አስቀደምኸው። ሰው የሚጻፈው ከላይ ወደ ታች ነው፤ አጥፍተህ ድገም።» ፊቴን ብዳስስ አፍንጫዬ የለም። ጥቂት ቆይቶ ተራውን ጠብቆ ተመለሰ። የመማሪያ መጽሐፌም ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጥ ገለጥ አደረገኝና፣ «ስልሳ ስምንተኛው ገጽሽ ተጣጥፏል» አለኝ።

«ለመሆኑ ፈተናው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

በሩ ተከፈተና የአውሮፕላን ወንበር ገባ። የመስኮት በኩል ወንበር ነው፤ ቀበቶው ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ከፊቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ሁለት ክንዶቹን ዘረጋልኝ።

«እትዬ የውብዳር፣ ይቀመጡብኝ» አለ።

«ኧረ እቆማለሁ፤ ተመስገን፣ ጉልበቴ ደኅና ነው።»

«ቼንግዱ ድረስ ቆመው?»

«ምን አለበት፤ ቅርብ አይደል።»

«በሞቴ» አለ ወንበሩ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ፊደላቱ ብሩሻቸውን አቁመው ወደ እኔ ተመለከቱ። ሁለት ጊዜ እንቢ ብያለሁ፤ አሁን መቀበል ነበረብኝ። እሺ ልል አፌን ብከፍት፣ የወጣው «ኧረ አይገባም» የሚል ሆነ። ወንበሩ እንባውን በቀበቶው ጠረገ። ከዚያም ዞረና፣ ከኋላ ረድፍ ሁልጊዜ በሚያንቀላፉት ጡረተኛ የክፍል ጓደኛዬ በአቶ ዘርጋው ላይ ሄዶ ተቀመጠባቸው። አቶ ዘርጋው ሳይነቁ ቀበቶው ታሰረላቸው፤ ወንበሩም ጭናቸው ላይ እንደ ተቀመጠ ሁለቱ በመስኮት ወጥተው በረሩ። «መልሱልኝ፣ የእኔ ነው» ብዬ ስጮህ የስልክ ጥሪ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል። የደወለችው ዦ ላን ነበረች።

«እትዬ የውብዳር፣ ስለ ቼንግዱው ጉዳይ ደግሜ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ይሄዳሉ?»

ከአልጋዬ ተፈናጥሬ ተነሣሁ። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ኖሮ፣ «ኧረ አይገባም፤ እኔ አሮጊቷ ምን አደርግበታለሁ» አለ።



«ወደዚህ ስመጣ ስለ ባህላችሁ አስተምረውኛል» አለች በታላቅ አክብሮት። «የታላቅ ሰው ቃል አይታጠፍም። ከእንግዲህ አልጨቀጭቅዎትም።»

ዘጋችው።

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ልመና ገና ይቀራል።