ቢጫው የመጋረጃው ነው አሉ

ለፈረስ ሲሆን ቀለም አይቸግረንም። ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ እያልን ከሩቅ እንለያለን። ቀለሙ ገና ሲነካካ፣ ነው አይደለም በሚያሰኝበት ሰዓት ግን አፋችን ይያዛል። ፈረንጅ ለዚያች ጥቂት ነገር "ቲንጅ" የምትባል ቃል አለው አለችኝ፣ ግቢዬ ተከራይታ ነርስነት የምትማረው ሰላም። ቀለምም ትንሽ ሲነካ፣ ድምፅንም ሐዘን ትንሽ ሲነካው ይሏታል አሉ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ቃሏን የያዝኳት በፍርሃት ነው።

ጎረቤቴ ብርቄ በወለደች በአምስተኛው ቀን ጠዋት አጥሚት ይዤ ገባሁ። የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቶ የአማቷ የእማማ ጠጅቱ ቢጫ መጋረጃ ወርዶበታል። ሕፃኑ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ ነጩ ነጭ አልሆነልኝም።

"ልጁን ቢጫ ነገር አልነካውም?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"መጋረጃው ነው" አሉ እማማ ጠጅቱ። "አንቺም ቢጫ ሆነሻል። ይልቅ ዓይንሽን ከልጁ ላይ አንሺ።"

እጄን አየሁት። እውነትም ቢጫ ነው።

ለሰላም ስነግራት "ጡት ይጠባል?" አለችኝ። እንቅልፍ እንጂ ጡት እንደማይወድ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። "እትዬ የሺ፣ ከባሰ አንጎሉን ይጎዳዋል። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ተመልሼ ብናገር ዓይኗ ነው ይሉኛል፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ በላችው። ዝም ብልስ? በሰፈሩ ፊት ለፊት የምናገረውን የሚያምነኝ የለም። የማንሾካሹከውን ግን ሁሉም ያምናል።

ጀሚላ ሱቅ ሄጄ ሳሙና እየመረጥኩ ጠጋ አልኳት። "ለማንም እንዳትነግሪ፤ እማማ ጠጅቱ መጋረጃውን የማይገልጡት ልጁ አባቱን ስላልመሰለ ነው አሉ።" ብርቄን የመሰለች ጨዋ! ሳሙናውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እማማ ጠጅቱ ሕፃኑን ታቅፈው በረንዳ ላይ ቆመዋል። "ኑ እዩት! ይኼ አፍንጫ የማን ነው?"

ፀሐይዋ ፊቱ ላይ አረፈች። የተሰበሰበው ሰው ያየው ግን አፍንጫውን ሳይሆን ቢጫውን ነው። እሳቸውም ዝቅ ብለው አዩ፤ ከዚያ በባዶ እግራቸው መንገድ ዳር ወደቆመው ባጃጅ ሮጡ።

ሆስፒታል ሰማያዊ መብራት ሥር ቀናት አስተኝተውት ዳነ። የክርስትናው ዕለት እማማ ጠጅቱ በእንግዳው ሁሉ ፊት ቆሙና "ያን ወሬ ያወራች ምላሷ ይቆረጥ" አሉ።

ጀሚላ ቀና ብላ አየችኝ።

"አሜን" አልኩ። ድምፄን ትንሽ ነገር ነክቶት ነበር።