ዚፕ ያለው መኝታ

ስለ እንቅልፍ ስናወራ ሁላችንም ጀግኖች ነን። «እኔ የትም ብጣል እተኛለሁ» የማይል ማን አለ? እስቲ ያንን ጀግና አንድ ሌሊት ከአልጋው አውጡትና እዩት፤ ትራሱ ረዘመ፣ ፍራሹ ጎረበጠ እያለ ሲገላበጥ ያድራል። እኔም ያው ነኝ። ታዲያ መካኒሳ ከእናቴ ጋር አርፌ እየኖርኩ፣ የመሥሪያ ቤታችን ተራራ ወጪዎች «ድንኳን ተክለን እናድራለን» ሲሉ እጄን ያወጣሁት ምን ነክቶኝ ይሆን?

ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ተገብቶ ዚፑ ተዘግቶ የሚተኛበት ከረጢት፣ ያስፈልጋል ተባለ። ለቡ አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አይቼ ስለነበር ሄድኩ። ምርጫው ቀላል እንዳይመስላችሁ! አንዱ ሰፊ ነው፣ እንደ ልብ ያገላብጣል፤ ተጠቅልሎ ሲያዝ ግን ይከብዳል። ሌላው ቀላልና ሞቃት ነው፤ ትከሻው ጋ ሰፍቶ እግሩ ጋ ይጠባል፣ ለራስ ደግሞ ኮፍያ አለው። ሻጩ «እህቴ፣ ብርድ የሚገባው በክፍት ቦታ ነው፤ የጠበበው ይሻልሻል» አለኝ። የሚሸከመው የእኔው ጀርባ ነውና የጠበበውን ያዝኩ።

ቤት እንደገባሁ ልሞክረው ብዬ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። እጄን ወደ ውስጥ ከትቼ ዚፑን እስከ አገጬ ሳብኩት። ወይ ሙቀት! ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ይሄኔ ነው።

ጩኸቷን መካኒሳ በሙሉ ሰማው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላዋን እየጎተተች «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለች ደረሰች። ልነሳ ብል ዚፑ ጨርቁን ነክሶ አልከፈት አለኝ፤ እዚያው እየተንፈራገጥኩ «አለሁ! አለሁ!» እላለሁ።

«ይሄማ ግንዝ ነው» አለች እማዬ፣ ነፍሷ መለስ ሲልላት። «በቁሜ ልጄን ተገንዛ አላይም!»

እማዬ ራሷ እኮ ጋቢዋን ከእግር እስከ ራሷ ተከናንባ ነው የምትተኛው፤ አፍንጫዋ እንኳን አይታይም። ይህንኑ ብነግራት «ጋቢ ሌላ!» ብላ ዘጋችኝ። ቆይቼ ሳስበው እውነቷን ነው። ከጋቢ ሰው ሲፈልግ ይወጣል። አባቴን ግን ተገንዞ ከዚሁ ቤት ሲወጣ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ይሄ መቼ ታየኝ? ተራራው ቀረ፣ እኔም አኮረፍኩ፣ ያንን ጉድ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት።

ክረምቱ ሲገባ እማዬ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኛች። ነጭ አንሶላ ተጠቅልላ በተሽከርካሪ አልጋ ስትወጣ ሳያት ወደ አልጋው ተንደረደርኩ። ነርሷ ይዛኝ «አለች፣ አለች፤ ማደንዘዣው ነው» ባትለኝ እኔም መካኒሳ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ነበረኝ። ለካ ያኔ ያኮረፍኩበት የእማዬ ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አስታማሚ የት እንደሚተኛ ታውቃላችሁ፤ ከአልጋው ጎን፣ ሲሚንቶ ላይ። እትዬ አስካለ ለማንጠፊያ ካርቶን ሰጠችኝ፣ እኔም ያንን ጉድ ከቁም ሳጥን አወረድኩት። እማዬ እስክታሸልብ ጠብቄ ገባሁበት። ብትነቃ እንዳትደነግጥ ብዬ ግን ዚፑን እስከ ወገቤ ክፍት ተውኩት። ሻጩ እውነቱን ነበር፤ ብርዱ በክፍቱ እየገባ ትከሻዬን ሲቆረጥመኝ አደረ።

ሊነጋጋ ሲል ዓይኔን ብገልጥ፣ እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቁልቁል ታየኛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ክው አልኩ! ቶሎ ብዬ ልወጣ መታገል ጀመርኩ።

«ተኚ» አለችኝ፤ ድምጿ ገና በደንብ አልወጣም። «ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ አይደል እንዴ ያደረው? ዝጊው።»

«ዚፑን?»

«እስከ አንገትሽ ድረስ ዝጊው።» ትንሽ አሰበችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «ፊትሽን ግን አትሸፍኚብኝ፤ እያየሁሽ ልተኛ።»