ክቡር ቀላል-ነው እና የእህቴ ፔዳል

ከሌባ ይልቅ የምፈራው «ቀላል ነው» የሚልን ሰው ነው። ሌባ ቢያንስ ዕቃህን ይዞ ይሄድልሃል። ይኼኛው ግን በሰላም አንኳኩቶ ይገባል፣ ደህና የሚሠራውን ዕቃ ፈታትቶ ብሎኑን ምንጣፍህ ላይ ይዘራል፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ሻይ የለም እንዴ?» ይልሃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ልባችሁን መርምሩ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

በእኛ ቤት ማዕረጉን የያዙት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው፤ ክቡር ቀላል-ነው፣ ባለ ካቻቢቴው፣ የተቆረጠ ኬብል ሁሉ አባት። ሁለተኛው ቃላቸው «አይጣልም» ነው። የበራቸውን ደወል ራሳቸው ሠርተው፣ ደወሉን በተጫኑት ቁጥር የሳሎኑ መብራት ይጠፋል። እንግዳ መምጣቱን የምናውቀው በጨለማ ነው። የጎረቤታቸውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ጠገኑላት፤ ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስ በሩን አልከፍትም ብሎ የሴትዮዋ አንሶላ ያለ ክስ ታስሮ ከረመ።

«ታዲያ አጠበ አላጠበም?» አሉ ክቡርነታቸው።

አጥቧል። በመስታወቱ ሲታይ እንዲያውም እንደ ወተት ነጥቷል።

እህቴ የምትኖረው የተቀዳ ድምፅ እየሰማች በጽሑፍ በመገልበጥ ነው። ስብሰባው፣ የምስክሩ ቃል፣ ቃለ መጠይቁ በጆሮዋ ገብቶ በጣቷ ይወጣል። የሥራው ምሥጢር ግን እግሯ ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር እንደ መኪና ፍሬን ያለ ጥቁር ፔዳል አለ። ስትረግጠው ድምፁ ይሄዳል፣ ስትለቀው ይቆማል፣ በግራ ጎኑ ስትነካው ያመለጣትን ይመልስላታል። እጇ ከፊደል ገበታው አይነሣም።

ታዲያ ኮምፒውተሯ አርጅቶ ማዛጋት ሲጀምር ክቡርነታቸው ሳይጠሩ መጡ። የድሮውን ሲስተም አንሥተው ሊኑክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሲስተም ጫኑበት። ሐቁን አልክድም፤ ያ ሽማግሌ ኮምፒውተር በአንድ ጀምበር ጎረምሳ ሆነ። ያልሠራው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፔዳሉ።

የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። «ይህ ዕቃ በዚህ ሲስተም አይደገፍም» ይላል። ከሥሩ፣ ያለ ምንም ኀፍረት፣ አዲስ ሞዴል ግዙ ይላል። ደሜ ፈላ። ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ፕላስቲክ እኮ ነው! እግር ምን ሲስተም አለው? ደህናውን ዕቃ በቁሙ ቅበሩት ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ስለ ዓለም ግፍ መናገር ጀመርኩ።

«አንተ ልጅ፣» አለች እህቴ፣ «ንግግርህን ቀድተህ ላክልኝ፣ እጽፍልሃለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

ሥራው የዋዛ አልነበረም። አንድ ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ሴቶቹን ከሥራ አባሯል። ጥፋታቸው «የአደጋ መውጫው በር ለምን ይቆለፋል?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ቃላቸውን ቀድቶ ተቀብሏል፤ የሚፈርደው ግን ተጽፎ የቀረበለትን አይቶ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዓርብ ቢሮው ሳይዘጋ ካልገባ ሴቶቹ ምንም እንዳልተናገሩ ይቆጠራል። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ነበር።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «የድሮውን ሲስተም መልስላት።»

«የድሮው የለም።»

«የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ምን ያስጨንቅሃል? ቀላል ነው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈቱ። ፊደላት እንደ ምስጥ ወረዱበት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ኮምፒውተሩ ፔዳሉን እንዳየው አበሠሩን።

«ካየው ለምን አይሠራም?» አለች እህቴ።

«ፈቃድ የለውም። ተራ ተጠቃሚ እንዳይነካው ይላል።»

«በገዛ እግሯ ለመርገጥ ፈቃድ?!» ብዬ ጮህኩ።

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተር በጩኸት አይፈታም።»

ፈቃዱን ሰጡት። ይሄኔ ኮምፒውተሩ ፔዳሉን የጌም መጫወቻ አድርጎ ቆጠረው። እህቴ በረገጠች ቁጥር የማውሱ ቀስት ሮጦ ጥግ ሄዶ ይሸጎጣል። «አይዞሽ፣ ጨዋታ መስሎት ነው» አሏት። «እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ፣ ሲጫወቱብኝ አይቶ!» አለች።

ቀጥሎ ፔዳሉን እንደ ፊደል ገበታ አስቆጠሩት። ረገጠች፤ ድምፁ ሄደ! አጨበጨብን። ጽሑፉን ዝቅ ብለን ስናይ ግን እግሯ ባረፈበት ሁሉ «ለ» ተዘርቷል። የአንዷ ምስክር ቃል እንዲህ ይነበባል፦ «አለቃው በሩን ቆልፎ ለለለለለለ አለን።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እህቴ። «ያን ጨካኝ ዘፋኝ አደረግከው!»

«ድምፁ ግን ሄዷል» አሉ ክቡርነታቸው፣ በትሕትና።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ ፔዳሉን በመስኮት ልወረውር ቆርጬ ነበር። እህቴ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሏ አጠገቧ እንደ ተከሳሽ ቆመዋል። «ለ» የለም። ቀስቱም አልሸሸም። ነገር ግን ስትረግጠው ድምፁ ጸጥ ይላል፣ ስትለቀው ይናገራል።

«ተገልብጧል» አሉ። «አንድ መስመር ነው፣ አሁን ቀላል…»

«እጅህን!» አለች። «እጅህን ከዚህ ኮምፒውተር ላይ አንሣ። እኔው እግሬን እገለብጣለሁ።»

ገለበጠችውም። መጀመሪያ እንደ አዲስ ሾፌር ትንገጫገጭ ነበር፤ እየዋለች ሲሄድ ግን ጣቷ እንደ ዝናብ ወረደ። አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ይህ የክቡርነታቸው ሥራ ሳይረገጥ ዝም የሚል አይደለም። ቁልፍ ብትጫን፣ በማውስ ብትነካ አይሰማም። ስለዚህ እህቴ ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ ምስክሯ በድምፅ ማጉያው ቤቱን ሞላችው፦ «በሩ ተቆልፏል! ኧረ ክፈቱልን እያልን ነበር የምንጮኸው…»

ወዲያው የሳሎኑ መብራት ጠፋ። እንግዳ መጣ ማለት ነው።

ባለ አንሶላዋ ጎረቤት በሩን ገፍታ ገባች። «ማን ላይ ነው የቆለፋችሁት?» አለች እያለከለከች። «አንሶላዬ አልበቃችሁም?»

ክቡርነታቸው ዘለው ፔዳሉን ረገጡት። ድምፁ ተቆረጠ። ሴትዮዋ መጋረጃው በተዘጋው ሳሎን ጨለማ ውስጥ ዙሪያዋን ቃኘች።

«አሁን ደግሞ አፏን አፈናችኋት!»

መብራቱን አብርቼ ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ እንኳ ቶሎ አላመነችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክቡርነታቸው እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ተክለው እንደ ሐውልት ቆመዋል።

«ከዚያስ?» አለች። «በሩ ተከፈተ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ።

«እግርህን አንሣና እንስማ እንጂ!»

አነሡ። አራታችንም፣ እህቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች፣ ሰማን። ምስክሯ ፋብሪካው በእሳት ሲያያዝ ጭሱ እንዴት እንደገባ፣ ቁልፉ በአለቃው ኪስ ውስጥ እንደነበረ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ሰብረው እንዴት እንደወጡ፣ በነጋታው ለተሰበረው መስታወት እንዴት እንደተከሰሱ ነገረችን። ንግግር የምወደው እኔ እንኳ ወንበሬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ።

ጽሑፉ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ቢሮው ገባ። አንዲት «ለ» አልነበረችበትም፤ ባለ አንሶላዋ ጭምር አይታዋለች።

ወሬው እዚህ ቢያልቅ ሰውየው ክቡር ቀላል-ነው ባልተባሉ። ሰኞ ሁለተኛው ክፍል መጣ። እህቴ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሳርፍ ድምፁ ሄደ። ስታነሣ ቆመ።

«ማነው ያበላሸው?!»

ክቡርነታቸው ከጓዳ እየሣቁ መጡ። ተደብቀው አስተካክለውላታል፤ ምስጋና ነው የጠበቁት።

«መልሰው» አለች።

«ስህተት ነበር እኮ!»

«ስህተቱን መልስልኝ።»

«እያወቅሁ በእጄ ስህተት አልጽፍም!» አሉና ደረታቸውን ነፉ። የአንሶላ አሳሪ፣ የመብራት አጥፊ፣ ዛሬ የሙያ ክብር ትዝ አላቸው!

«እትዬ፣ ይኼኛው አይሻልም?» አልኳት።

«አይሻልም» አለች። «ድሮ ሲደክመኝ እግሬን እለቃለሁ፣ እነሱ ዝም ይላሉ። በዚያኛው ግን ዝም ላሰኛቸው ስፈልግ እኔው መርገጥ አለብኝ። ይከብደኛል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።»

ወደ ድረ ገጹ ልሮጥ፣ አዲስ ሞዴል ልግዛላት ብዬ ኪሴን ዳበስኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ስህተት አትበለው። ምርጫ በለው። አንድ ቁልፍ ነካ ሲያደርጉ ቀጥ ይላል፣ ነካ ሲያደርጉ ይገለበጣል።»

ፊታቸው በራ። «ምርጫ ከሆነማ…» አሉና ጥቁሩን መስኮት ከፈቱ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ እግሬን ፔዳሉ ላይ ተከልኩ። «እርገጥ!» ሲሉ ረገጥኩ፣ «ልቀቅ!» ሲሉ ለቀቅኩ፤ ቀስቱ ሁለቴ ኮበለለ፣ «ለ» ተመልሳ መጥታ ተባረረች። በመጨረሻ እግሬን ሳነሣ ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ መናገር ጀመረች።

ከጠረጴዛው ሥር አንገቴን አወጣሁ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደዋል። «ቀላል ነው አላልኩም?» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እሽሽሽ፣» አሉኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «እየተናገረች ነው።»

ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ሻይ የለም እንዴ ሳይሉኝ፣ ሄጄ ሻያቸውን ቀድቼ አመጣሁ።