መሳይ ከወንበር ሳይነሣ የዋለበት ዕለት ዜና

በመሳይ በሠላሳ አንደኛው ዓመተ ልደት፣ ምሕንድስናን ትቶ ለጥበብ ባደረ በአራተኛው፣ አባቱ አቶ አምባዬ ባኮረፉት በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ በምታንጫጫበት ወራት፣ ይህ ሆነ። መዋዔ ዝንብ፣ ሥዩመ ወንበር፣ ዝምታው ከቆቃ ውሃ የጠለቀው መሳይ፣ ፐርፎርማንስ በሚሉት ጥበብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ በደጁ ሊቀመጥ ማለ፤ የፈለገ ይቀመጥበት ዘንድም በፊቱ ባዶ ወንበር አኖረ። በልቡ ግን ወንበሩ የአንድ ሰው ነበር፤ እርሳቸውም «ተቀምጦ ውሎ ሥራ ዋልኩ የሚል ልጅ የለኝም» ብለው ያወጁት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ አባቱ ናቸው።

ወእምዝ ለፀሐዩ መከለያ ድንኳን ሊዋስ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ወረደ። ዝምታውን ገና ከንጋት ጀምሮት፣ ጥቁር ሸሚዝም ለብሶ ነበርና፣ በጣቱ ድንኳኑን ቢያመለክት፣ ዕቃ ጠባቂው ሰንበታ ሐዘን አንደበቱን የዘጋው መስሎት፣ ማን ሞተ ብሎ መጠየቁም ነውር ሆኖበት፣ ድንኳኑን ከነአግዳሚው አስጭኖ ጥሩምባ ነፊውን ጋሮምሳን ላከ። ጋሮምሳም በየቅያሱ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መሳይ ቤት ድንኳን ተተክሏል፤ እድርተኛ ሁሉ ውጣ!»

ያን ጊዜ ሠራዊቱ ተመመ፤ በቀኝ ፈውዚያ ከነሙዝ ጋሪዋ፣ በግራ ጋዲሳ ከአሥራ ሁለት ባጃጅ ጋር፣ ከኋላ ሻይና ንፍሮ የተሸከሙ የሰፈር እናቶች፣ በመካከላቸውም ሙሾዋ እስከ ባቱ የተወራላት ዘውድነሽ። «እግዜር ያጥናህ» ያላለው አልነበረም። ማን እንደሞተ ግን አንድም የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ሳይሰማ የቀረው እርሱ ብቻ እንዳይመስል ፈርቷልና። ዝንብ አፍንጫው ላይ ግማሽ ሰዓት ስትመላለስ እንኳ መሳይ ቅንድቡን አላነሣም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ዘውድነሽ የመሳይ እናት ቀድማ ማረፏን አስታውሳ፣ እንግዲህ የቀረው አባት ነው ብላ አስልታ፣ አቶ አምባዬን በስም እየጠራች፣ ኖሯቸው የማያውቀውን ደግነት እየዘረዘረች አለቀሰች። መሳይም ደነገጠ፤ ሦስት ዓመት ዓይናቸውን አላየምና እውነት መሰለው። ጥበቡም መሐላውም ገደል ይግባ ብሎ ሊነሣ ጉልበቱን ሲያጠብቅ፣ እነሆ፣ ሟቹ ራሳቸው የድንኳኑን ወሬ ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ዘውድነሽ ሙሾዋን ከመሃል ቆረጠች፤ ሕዝቡም ኀፍረቱን በንፍሮ ሸፈነ።

አቶ አምባዬም ልጃቸውን ላያናግሩ የማሉ ናቸውና፣ ዝም ብለው በባዶው ወንበር ተቀመጡ። አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአባት እግር ደነዘዘ፣ ወገባቸውም ተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ እንደነበር ሰሙ። ፀሐይም ስትገባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «እኔ አምባዬ አለሁ! መቀመጥ ሥራ አይደለም ያልኩትን ዛሬ ሽሬዋለሁ። ራት እኔ ቤት ነው፤ የተረፈው ንፍሮም ይምጣ። አሁን ግን አንዳችሁ አንሡኝ!»

ያነሣቸውም ልጃቸው ነው።

ፀሐይ ሳትገባ በመሳይ ጉንጭ ስለወረደችው እንባ መሐላው ፈርሷል የሚሉ ተነሥተው ነበር፤ ሰንበታ ግን እንባ በራሱ ይወርዳል እንጂ ሰው አያንቀሳቅሰውም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ከአዋሽ ወዲህም ወዲያም፣ ሳይነሣ ድል የነሣ፣ አባቱንም በቁም ከሙሾ ያወጣ እንደ መሳይ ማን አለ? ስሙ ለልጅ ልጅ ይነገር፤ ድንኳኑም ለእድሩ ይመለስ።