ለሴቶች ትምህርት ያጨበጨብን ወንዶች

ሲናገር እሳት፣ ሲጠየቅ አመድ የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሩቅ አትሂዱ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በመቐለ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ እሑድ እሑድ ስለ ሴቶች መማር ንግግር ይደረግ ነበር። ተናጋሪውም አድማጩም ወንድ ነው። ሴቶቹ ከመጡማ ቤቱን ማን ይጠብቅ?

አንድ እሑድ ባላምባራስ ሐጎስ፣ «ሴት ልጁን የማያስተምር አንድ ዓይኑን በገዛ እጁ ያጠፋ ነው!» ሲሉ መዳፋችን እስኪላጥ አጨበጨብን። ይሄኔ ስዋ የሚባለውን የአገሩን ጠላ የሚሸጡት አደይ ለተብርሃን ልጃቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ባላምባራስ፣ ልጄን አምጥቻለሁ። ብቻዋን ትፈራለችና ከልጅዎ ጎን ያስቀምጡልኝ።»

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔዋ እንኳ... እቤት ሥራ አለባት።»

አደይ ለተብርሃን ወደ እኛ ዞሩ። «ከእናንተስ የማን ልጅ ትማራለች?»

ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርን። ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉኝ እኔ የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ግን መዝገባቸውን ገልጠው ልጅቷን ብቻዋን ጻፏት።

በሚቀጥለው እሑድ ንግግሩ ስለ ንብ ማነብ ሆነ። ያም ሆኖ፣ ቀፎ ተሸክሞ የሚመጣ እንዳይኖር ብለን በሩ ላይ ዘበኛ አቆምን።